አሥራት ከምን ላይ፣ ስንት፣ ለማን? ከደብረ ብርሃን ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ባለቤቴ መምህር ነው፤ እኔ አነስተኛ ሱቅ አለኝ። አንጎለላ ካለው የአባቴ መሬት የእኩል እህል ይደርሰናል፣ ጥቂት በጎችም እዚያው አሉን። አሥራት ማውጣት ልንጀምር አስበን በሂሳቡ አልተስማማንም። ባለቤቴ ግብር ሳይነሳ ካለው ደመወዝ ይሰላ ይላል፤ እኔ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ከተቀነሰ በኋላ ይሁን እላለሁ። አባቴ ደግሞ አሥራት ድሮ ለመንግሥት የሚገበር ነበር፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚባል አናውቅም ይሉናል። በስልክ የምሰማው ሰባኪ ያላወጣ ርጉም ነው፣ ያወጣ እጥፍ ድርብ ይከፈለዋል ይላል። የባንክ ዕዳ አለብን፣ እቁብም እንጥላለን። ከምን ላይ፣ ስንት፣ ለማን እንስጥ? የሰጠነውስ በአግባቡ ባይውል?»

ምላሽ፦

አጭሩን መልስ ላስቀድም። አሥራት የሚወጣው በዓመቱ አዲስ ከተገኘ ፍሬ ላይ ነው። ፍሬውን ለማግኘት የወጣው ወጪ ይቀነሳል፤ ቤተሰቡ የሚበላው፣ የሚለብሰውና የሚያድርበት ግን አይቀነስም። የሚሰጠው በተመዘገባችሁበት ደብር፣ በደረሰኝ ነው። ብድር ፍሬ አይደለም፣ እቁብም ፍሬ አይደለም። ዝርዝሩን የማበዛው ባልና ሚስት በአሥራት የሚጋጩት አብዛኛውን ጊዜ ሳይቆጥሩ ስለሚነጋገሩ ነው። ተቀምጠው ሲቆጥሩ ግማሹ ክርክር በራሱ ይረግፋል።

ከአባትዎ ልጀምር፤ የሚሉት እውነት አለውና። ዳግማዊ ምኒልክ በ1880ዎቹ፣ ወታደር በየገበሬው ቤት እያረፈ ቀለብ የሚበላበትን ልማድ ለማስቀረት፣ በእህል ላይ አሥራት የተባለ ግብር ጣሉ። ከምርቱ ከአሥር አንዱ ወደ መንግሥት ጎተራ ይገባ ነበር፤ በኋላ በገንዘብ ተተመነ። ግብሩ የቀረው በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ሲተካው ነው። እንግዲህ በሰሜን ሸዋ አዛውንት ጆሮ አሥራት ሲባል መጀመሪያ ግብር አስከፋዩ ጭቃ ሹምና ምርት ገማቹ ቢታወሳቸው አይፈረድባቸውም።

ቤተ ክርስቲያናችን፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ፣ ደግሞ በዚያ ዘመን የምትኖረው በመሬት ነበር። ቄሱም፣ ዲያቆኑም፣ ደብተራውም ለአገልግሎቱ የሚያርሰው ወይም የሚያሳርሰው የሰሞን መሬት ነበረው። መቅደሱ የሚያስፈልገው ዕጣንና መገበሪያ ከዚያው ይወጣ ነበር። ምእመኑ በበዓል መባ ይዞ ይመጣል፣ ስእለቱን ያገባል፣ ሰንበቴ ይደግሳል እንጂ ከገቢህ ከአሥር አንዱን አምጣ ብሎ አጥብቆ የሚጠይቀው አልነበረም። ትምህርቱ በመጽሐፍ ነበረ፤ ችግሩ ስላልነበረ ግን በየአጥቢያው እምብዛም አይነገርም ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ ተብሎ ሲታወጅ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ተቋረጠ። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1965 ዓ.ም.፣ በሁለተኛው ፓትርያርክ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ቃለ ዓዋዲ የተባለው መተዳደሪያ ደንብ ወጥቶ፣ ካህናትና ምእመናን አጥቢያቸውን አብረው የሚያስተዳድሩበት የሰበካ ጉባኤ አደረጃጀት ባይጀመር ኖሮ፣ ብዙ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ማን ያስተዳድረን ብለው በራቸውን በዘጉ ነበር። ዛሬ አሥራት አጥብቆ የሚሰበከው ለዚህ ነው። አዲስ ትምህርት አልመጣም፤ መሬቱ ሲሄድ ምእመኑ በመሬቱ ቦታ ቆመ። ይህን ለአባትዎ ቢያስረዷቸው የሚቀበሉት ይመስለኛል፤ የሰሞን መሬትን ከማንም በላይ የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው።

ወደ መጽሐፉ ስንመጣ አሥራት ከሙሴ ሕግ ይቀድማል። አብርሃም ከጦርነት ሲመለስ ለመልከ ጼዴቅ ከሁሉ አሥራት ሰጠ (ዘፍጥረት 14፥20)፤ ያዕቆብ በቤቴል ከምትሰጠኝ ሁሉ ከአሥር አንዱን እሰጥሃለሁ ብሎ ተሳለ (28፥22)። በሕጉ ሥርዓት ሆነ። አሥራቱ ርስት ለሌላቸው ለሌዋውያን ይሰጥ ነበር፤ ሌዋውያኑም ከተቀበሉት ላይ የአሥራት አሥራት ያወጡ ነበር (ዘኁልቁ 18)። ካህን ከአሥራት ነጻ ነው የሚል ካለ ይህን ምዕራፍ ያንብብ። ዘዳግም 14 ደግሞ በየሦስተኛው ዓመት የሚወጣው አሥራት በአገሩ ደጅ ተከማችቶ ለሌዋዊው፣ ለመጻተኛው፣ ለድሀ አደጉና ለመበለቲቱ እንዲሆን ያዝዛል። በጦቢት መጽሐፍ መጀመሪያ ላይም ጦቢት ይህንኑ ሥርዓት እየለየ ሲፈጽም እናያለን። በወንጌል ጌታ ፈሪሳውያንን ከአዝሙድና ከእንስላል ከከሙንም አሥራት እያወጡ ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን ስለ መተዋቸው ገሠጻቸው፤ ማሰሪያው ግን «ሌላውን ሳትተዉ ይህን ልታደርጉ ይገባችሁ ነበር» የሚል ነው (ማቴዎስ 23፥23)። ሐዋርያው ጳውሎስ ደግሞ በቆሮንቶስ ሁለተኛ መልእክቱ «እያንዳንዱ በልቡ እንዳሰበ ይስጥ፥ በኀዘን ወይም በግድ አይደለም» ብሏል።

ክርስቲያኖች የሚለያዩት በእነዚህ ጥቅሶች ሚዛን ላይ ነው። በአገራችን ሙሉ ወንጌል፣ መካነ ኢየሱስና ቃለ ሕይወትን የመሳሰሉት አብያተ ክርስቲያናት አሥራትን በሰፊው ያስተምራሉ፤ ከወንጌላውያኑ መካከል ግን አሥራት ከሕጉ ጋር አልፏል፣ የቀረው የልብ ስጦታ ነው የሚሉ አሉ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1983 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የቀኖና ሕግ፣ በቁጥር 222፣ ምእመናን ቤተ ክርስቲያንን የመርዳት ግዴታ አለባቸው ስትል ከአሥር አንድ ብላ አልወሰነችም። የእኛ ቤተ ክርስቲያን አሥራትን የክርስቲያን ግዴታ አድርጋ ታስተምራለች፤ ከአሥር አንድ መነሻ ነው፣ መባውና ምጽዋቱ በላዩ ይጨመራል። ጎረቤትዎ ሌላ ቢነግሩዎት ግራ አይጋቡ፤ እናንተ ቃል የምትገቡት በራሳችሁ ደብር ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ።

ደመወዝ ቀላሉ ነው። ግብርና የጡረታ መዋጮ ተቆርጦ በባለቤትዎ እጅ የሚገባው 9,400 ብር ነው እንበል፤ አሥራቱ 940 ብር ነው። ባለቤትዎ ከግብር በፊት ይሁን ማለታቸው መሠረት አለው። በመጀመሪያ ሳሙኤል ምዕራፍ 8 ንጉሡ ከዘራችሁ ከአሥር አንዱን ይወስዳል ተብሏል፤ ሕዝቡ ግን ለንጉሥ ገበርን ብሎ የእግዚአብሔርን አሥራት አያስቀርም ነበር። እንደዚያ ቢያደርጉ ደስ የሚል ነገር ነው። እጃቸው ካልገባ ገንዘብ ላይ ስላላወጡ ግን ጎዶሎ አያሰኛቸውም። የጡረታው 7 በመቶ የራሳቸው ገንዘብ ሆኖ የዘገየ ስለሆነ፣ ጡረታ ሲወጡ ከሚቀበሉት ላይ ያወጡለታል። አበል፣ የማስጠኛ ክፍያና የፈተና እርማት ገንዘብም ገቢ ነው፤ ሰው የሚረሳው እነዚህን ነው።

የእርስዎ ሐሳብ፣ ማለትም የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ ከተቀነሰ በኋላ የሚለው፣ አይሄድም። ምክንያቱ ይህ ነው፦ አሥራትና በኩራት (የመጀመሪያው ፍሬ) አብረው የሚጠሩት ከሁሉ ቀድመው ስለሚነሱ ነው። የቤት ወጪ ከቀደመ አሥራቱ ከትርፍራፊ ላይ ይሆናል፤ የቤት ወጪ ደግሞ ገቢው ባደገ ቁጥር አብሮ ያድጋል፣ ትርፍራፊም አይኖርም። የሱቅ ኪራይ ይቀነሳል፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አይቀነስም። ከሱቁ ጀርባ የምትኖሩ ከሆነ ኪራዩን በክፍሉ ልክ ለሁለት ይክፈሉት።

ሱቁ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አንዳንዱ ከሽያጩ ላይ ከአሥር አንድ ያወጣና በጥቂት ወራት ሱቁ ባዶ ይሆናል። ሌላው ሳይቆጥር በግምት 100 ብር ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ጥሎ ጨርሻለሁ ይላል። መንገዱ ግን በየወሩ መጨረሻ ዕቃ መቁጠር ነው። ወሩ ሲጀምር በመደርደሪያ የነበረው ዕቃ በተገዛበት ዋጋ 48,000 ብር፣ በወሩ ውስጥ የገዙት 62,000 ብር፣ በወሩ መጨረሻ የቀረው 51,000 ብር ይሁን። ከሱቁ የወጣው ዕቃ የ59,000 ብር ነው። ሽያጩ 71,500 ከሆነ ልዩነቱ 12,500 ይመጣል። የሱቅ ኪራይ 3,500፣ መብራት 300፣ ማመላለሻ 900 ሲቀነስ 7,800 ይቀራል።

ግን አላለቀም። ከሱቁ ወደ ቤት የገባ ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና አለ። እርሱ ሳይሸጥ ከመደርደሪያው ስለወጣ ትርፉን አሳንሶታል፤ የቤት ወጪ ደግሞ አይቀነስም ብለናል። የወሩ የቤት ፍጆታ በተገዛበት ዋጋ 1,400 ብር ከነበረ ተመልሶ ይደመርና ትርፉ 9,200፣ አሥራቱ 920 ብር ይሆናል። ከሽያጩ ላይ ያሰላው ሰው ግን 7,150 ብር ያወጣ ነበር፤ ይህ የዋናውን ገንዘብ መብላት ነው፣ ሕጉም አልጠየቀውም። ወደ ቤት የሚወሰደውን ለመመዝገብ መደርደሪያው አጠገብ አንድ ደብተር በክር ታስሮ ይቀመጥ፤ ልጆችም ብስኩት ሲያነሱ ይጻፉበት።

ዱቤ የሰጡት ብሩ ሲመጣ ይቆጠራል። ያልመጣ ዱቤ ፍሬ አይደለም። ወሩ በኪሳራ ካለቀ የዚያ ወር አሥራት የለም፤ ኪሳራውም ወደሚቀጥለው ወር ተሸጋግሮ ከትርፍ ላይ ይቀነሳል። ዓመቱ ሲያልቅ፣ ጳጉሜን ላይ፣ የዓመቱ ንግድ ግብር ከታሰበ በኋላ አንድ ጊዜ ይመርመሩት፤ የጎደለ ካለ ይሙሉ፣ የበዛ ካለ እንደ መባ ይቆጠር። አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፦ ኪሎ እየጎደለ፣ ዘይት እየተደበቀ የተገኘ ትርፍ በአሥራት አይነጻም። መጽሐፈ ሲራክ በግፍ ከተገኘ ገንዘብ የሚቀርብ መሥዋዕት ተቀባይነት እንደሌለው ይናገራል፤ ዘኬዎስም በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ አድርጎ ለባለቤቱ እንደሚመልስ ተናገረ። ከዚህ ዓይነት ገንዘብ ካለ የሚመለሰው ለገዢው ነው።

የእኩል እህሉን በተመለከተ፣ መሬቱ 12 ኩንታል ገብስ ሰጥቶ አራሹ 6፣ እናንተ 6 ብትወስዱ አሥራታችሁ ከ6ቱ ላይ ነው። የአራሹን ድርሻ እርሱ ያውቃል። ዘርና ማዳበሪያ የሁለታችሁ ከነበረ የእናንተን ድርሻ ቀንሱ። ዘሩን አምና አሥራት ከወጣለት ገብስ 50 ኪሎ አውጥታችሁ ከነበረ 5 ኩንታል ተኩል ይቀራል፤ አሥራቱ 55 ኪሎ ነው። ዳፕና ዩሪያ በገንዘብ ስለሚገዛ ብሩ በዕለቱ ገበያ ወደ ኪሎ ተቀይሮ ይነሳ። መለካት ያለበት አውድማው ላይ ነው፣ እህሉ ወደ ጎተራ ሳይገባ። ጎተራ ከገባ በኋላ ከላዩ ለእንጀራ፣ ለጠላ፣ ለዘመድ እየተቀዳ መጠኑ ይጠፋል። በልግ የሚዘራበት አካባቢ ከሆነ አውድማው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ የሰኔውን በልግ ትንሽ ነው ብሎ ማለፍ ልማድ ሆኗልና አይዘንጋችሁ። ገለባውም ከተሸጠ ገቢ ነው፤ ኩበትም እንዲሁ። ደብረ ብርሃን ገበያ ኩበት የሚሸጥ ቤተሰብ ከዓመቱ የሚያገኘው ጥቂት አይደለም።

በእህል ፋንታ ገንዘብ መስጠት ይቻላል። ሕገ ኦሪት (ዘሌዋውያን 27፥31) አሥራቱን በገንዘብ ሊቤዠው የወደደ አምስተኛ እጅ ይጨምርበት ይላል። ገብሱ ኩንታሉ 6,000 ብር ነው ብለን ብናስብ 55 ኪሎው 3,300 ብር፣ አምስተኛው እጅ 660፣ በድምሩ 3,960 ብር ይሆናል። ዛሬ በየደብሩ ይህ ጭማሪ አይጠየቅም። የሕጉ ጥበብ ግን ልብ ይባል፦ ሰው ጥሩውን እህል አስቀርቶ በዝቅተኛ ዋጋ እንዳይተምን ይጠብቀዋል። ስለዚህ ጭማሪውን ባትከፍሉ እንኳ ገብሱን የምትተምኑት እናንተ ልትሸጡት በምታስቡበት ዋጋ ይሁን። ታኅሣሥ ላይ አውድማ ሙሉ እያለ ርካሽ በሆነበት ዋጋ ተምኖ፣ ሰኔ ላይ ሲወደድ መሸጥ ልክ አይደለም።

በጎቹ። አሥራት የሚወጣው በዓመቱ ከተወለደው ላይ እንጂ በየዓመቱ ከመንጋው ሁሉ ላይ አይደለም። በዘሌዋውያን ሥርዓት ግልገሎቹ በእረኛው በትር ሥር ሲያልፉ አሥረኛው ለእግዚአብሔር ይለያል፤ መልካም ነው መጥፎ ነው ተብሎ አይመረጥም፣ አይለወጥም። አሥር ለማይሞላ መንጋ የሚሻለው ሲሸጥ ከዋጋው ላይ ማውጣት ነው። ዘንድሮ 9 ተወልደው 2 ሞተው 7 ቢቀሩ፣ ከ7ቱ 4ቱን ለፋሲካ እያንዳንዳቸውን በ4,500 ብር ብትሸጡ 18,000 ብር ነው። ለመድኃኒት፣ ለጨውና ለእረኛ የወጣው 2,000 ቢሆን ከ16,000 ላይ 1,600 ብር ይወጣል። ቤት የታረደ ካለ በገበያ ዋጋው ተገምቶ ይጨመር። አንዱን መንገድ ይምረጡና ይጽኑበት፤ ሲወለድም ሲሸጥም ማውጣት ድርብ ነው፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ማለት ደግሞ ሁልጊዜ የሚቀንሰውን መንገድ ወደ መምረጥ ይወስዳል።

እቁብ ሲወጣላችሁ የተቀበላችሁት ራሳችሁ የጣላችሁት፣ አሥራት አስቀድሞ የወጣለት ገንዘብ ነው። እንደገና አይወጣለትም። የባንክ ብድርም ሲገባ ገቢ አይደለም። ለሱቁ የተወሰደ ብድር ወለድ የሱቅ ወጪ ነው፣ ይቀነሳል፤ ዋናው ሲመለስ ግን አይቀነስም፣ በዕቃው ግዢ አንዴ ተቀንሷልና። ለቤት ዕቃ የተወሰደ ብድር አይቀነስም። አሥራት ለመክፈል መበደር ግን አይገባም፤ ከሌላ ሰው ፍሬ ላይ አሥራት አይወጣም። ዕዳው ካስጨነቃችሁ ከአበዳሪው ጋር የተስማማችሁበትን ቀን አክብራችሁ፣ ስለ አሥራቱ ደግሞ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ። ከአሥራ አምስት አንዱን ብለው ቢያስጀምሯችሁና ዕዳው ሲቀል ወደ ሙሉው ብትመለሱ፣ ዕዳን ክዶ በደብሩ ፊት ከመታየት እጅግ ይሻላል።

ለማን ለሚለው፣ ዋናው አሥራት የሰበካ ጉባኤ አባል ሆናችሁ ለተመዘገባችሁበት ደብር ነው። ልጆቻችሁ የሚጠመቁበት፣ የምትቆርቡበት፣ የምትቀበሩበት እርሱ ነው። የእናንተ ሁኔታ ግን ልዩ መልክ አለው። ገብሱ የበቀለው አንጎለላ ነው፤ በዚያ አካባቢ ያለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ከከተማው ደብር ይልቅ ትቸገራለች። የቅዳሴ ሥርዓት ቢያንስ አምስት ልዑካን ይፈልጋል፣ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት። በገጠሩ ቄሱም ዲያቆኑም ራሳቸው አርሰው የሚበሉ ናቸው፤ በእርሻ ወራት ወይም በችግር ጊዜ አንዱ ከጎደለ ቅዳሴው ይታጎላል። የመገበሪያ ስንዴ፣ ዘቢብ፣ ዕጣንና ጧፍ ያልተሟላበት እሑድም አለ። ስለዚህ የእህሉንና የበጎቹን አሥራት ለአንጎለላዋ አጥቢያ፣ የደመወዙንና የሱቁን ለደብረ ብርሃኑ ደብር ብትለዩት የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። ፍሬው በወጣበት አገልጋዩ ይብላ፤ በመሠዊያ የሚያገለግሉ ከመሠዊያው እንዲካፈሉ ሐዋርያውም አስተምሯል (1ኛ ቆሮንቶስ 9፥13)።

ከአሥራት ጋር የሚቀላቀሉ ነገሮች አሉና ይለዩ። ስእለት እንደ ተሳሉት ይፈጸማል፤ ለጻድቃኔ ማርያም ጃንጥላ ወይም ለሸንኮራ ዮሐንስ ምንጣፍ ተስለው ከሆነ ከአሥራቱ ላይ አይነሳም። መባ በየበዓሉ በእጅ የሚያዘው ነው። የሰበካ ጉባኤ ዓመታዊ መዋጮ የአባልነት ክፍያ ነው። ካርዱ ተከፍሎ ይያዝ፤ ሰው ሲሞት በፍትሐት ሰዓት የሚነሳው ጭቅጭቅ ከዚያ ይጀምራልና። ሰንበቴና ጽዋ ማኅበር የተደገሰበት ወጪ የፍቅርና የዝክር ነገር ነው፤ አሥራት አይባልም። በንግሥ ዕለት ሥዕል በጨረታ ገዝታችሁ ቤት ብትወስዱ በጎ ስጦታ ነው፤ እርሱም አሥራት አይደለም። ለንስሐ አባት በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ የአክብሮት ስጦታ ነው፤ አሥራት ግን በደብሩ ገንዘብ ያዥ በኩል ይገባል። ይህን የሚያስተውል አባት ራሱ ወደ ቢሮው ይልካችኋል።

አባትና እናትን መጦር ደግሞ ራሱን የቻለ ትእዛዝ ነው። ማርቆስ 7 ላይ ጌታ፣ ለወላጅ የሚገባውን ቁርባን ነው ብለው የሚነፍጉትን ገሥጿል። ለአባትዎ የምትሰጡትን ቀንሳችሁ አሥራት አታውጡ፤ ለአባትዎ የሰጣችሁትንም አሥራቴ ነው አትበሉ። ለችግረኛ የሚሰጠው ምጽዋት በአሥራቱ ላይ ይጨመራል። በአካባቢያችሁ የተፈናቀለ ወይም የተራበ ቤተሰብ ካለና አቅማችሁ ለሁለቱም ካልደረሰ ግን፣ የዚያን ወር አሥራት በከፊል ለእርሱ ለማዋል ንስሐ አባታችሁን አማክሩ። የዘዳግም 14 የሦስተኛ ዓመት ሥርዓት መበለቲቱንና ድሀ አደጉን በአሥራቱ ውስጥ አስገብቷቸዋልና ሐሳቡ እንግዳ አይሆንባቸውም።

አሰጣጡ። ደመወዝ በወጣ ዕለት፣ ሱቁም በተቆጠረ ዕለት፣ አሥራቱ ከሌላው ብር ተለይቶ በፖስታ ይቀመጥ። በአንድ መሳቢያ ከተቀላቀለ ሳምንት አይቆይም። ከዚያ በሰንበት ወደ ደብሩ ቢሮ ወስደው ሞዴል 64 የሚባለውን የገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ ያስቆርጡ። ደረሰኙ ላይ ማኅተሙ፣ ቁጥሩ፣ መጠኑ በአኃዝና በፊደል፣ ምክንያቱም «የወርኃ ጥር አሥራት» ተብሎ መጻፉን ይመልከቱ። «ገቢ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ አስተካክሉልኝ ማለት ነውር አይደለም። እህል ወይም በግ ሲሆን የንብረት መቀበያ ደረሰኝ ይቆረጥ፤ በገጠር አጥቢያ ደረሰኝ ካልተገኘ ቢያንስ በመዝገብ ተጽፎ ሰብሳቢውና ጸሐፊው ይፈርሙ። በባንክ ከሆነ ሂሳቡ በቤተ ክርስቲያኒቱ ስም የተከፈተ ይሁን። በስልክ የሚለጠፍ በግለሰብ ስም የተከፈተ ሂሳብ ቁጥር፣ ምንም ያህል የሚያሳዝን ሥዕልና ዝማሬ ቢታጀብ፣ አሥራት የሚገባበት ቦታ አይደለም። ለሩቅ ገዳም ወይም ለሕንፃ እንሰብስብ የሚሉ ከመጡ ከወረዳው ቤተ ክህነት ወይም ከሀገረ ስብከቱ የተጻፈ ደብዳቤ ይጠይቁ፤ ያለው ያሳያል።

በአግባቡ ባይውልስ ላሉት፣ ሥጋትዎ የእምነት ጉድለት አይደለም። ነህምያ አሥራቱ ሲሰበሰብ በታመኑ ሰዎች እጅ ላይ አስቀመጠው (ነህምያ 13፥13)። ጳውሎስ የምእመናንን ስጦታ ሲያደርስ ማንም እንዳይነቅፈው ሌሎች ሰዎችን አብሮ አስከትሏል፤ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊት ደግሞ መልካም የሆነውን እናስባለን ብሏል። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤው ጠቅላላ ስብሰባ ሲጠራ አይቅሩ። የዓመቱ ገቢና ወጪ፣ ኦዲት የተደረገበት ቀን፣ ሙዳየ ምጽዋቱ ሲከፈት እነማን እንደነበሩና ቃለ ጉባኤ መያዙ ይነገር ብለው ይጠይቁ። ይህ የአባል መብት ነው። መልስ ካላገኙ ወደ ወረዳው ቤተ ክህነት፣ ከዚያም ወደ ሀገረ ስብከቱ ይሄዳል። እስኪጣራ ድረስ አሥራቱን በዓይነት መስጠት ጥሩ መላ ነው፦ በዚያው ብር መገበሪያ ስንዴ፣ ዕጣን፣ ጧፍ ወይም ለሚያፈሰው ጣሪያ ቆርቆሮ ገዝቶ በደረሰኝ ማስረከብ። አጉድለዋል ብሎ ጭራሽ ማቆም ግን የሚጎዳው ያጎደለውን ሰው አይደለም፤ በብርድ ቆሞ የሚቀድሰውን ዲያቆን ነው።

አሁን ወደዚያ ሰባኪ። የሚጠቅሰው ሚልክያስ 3 ነው፤ «በእርግማን ርጉማን ናችሁ» የሚለው እዚያ አለ፣ «አሥራቱን ሁሉ ወደ ጎተራ አግቡ … በዚህ ፈትኑኝ» የሚለውም። ግን መጽሐፉን ከመጀመሪያው ያንብቡት። ምዕራፍ 1ና 2 ላይ የሚወቀሱት ካህናቱ ናቸው፤ ዕውርና አንካሳ በግ ስለሚያቀርቡ፣ ሕጉን ስላጣመሙ። የምዕራፍ 3ም ወቀሳ ለሕዝቡ ሁሉ ነው፤ ጎተራው ባዶ ሆኖ «በቤቴ ውስጥ መብል እንዲሆን» የተባለው ጠፍቶ ነበር። ሌዋውያኑ ድርሻቸው ስለቀረባቸው አገልግሎቱን ትተው ወደ እርሻቸው መሄዳቸውን ነህምያ 13፥10 ይነግረናል። ይህን ጥቅስ ነቅሎ በዕዳ ውስጥ ባለች ባለሱቅ ላይ እርግማን አድርጎ መጫን፣ ወይም 1,000 ላኪ 100,000 ይመጣልሻል ማለት፣ ቃሉን መሸጥ ነው። በረከቱ እውነት ነው፤ ዋጋው ተቆርጦ፣ ቀኑ ተወስኖ የሚከፈል ግን አይደለም። ሁለቱን ሳንቲም የጣለችው መበለት (ማርቆስ 12) በማግሥቱ ባለጠጋ ሆነች አልተባለም፤ ጌታ አይቷታል፣ አመስግኗታልም። አሥራት ባለማውጣታቸው የሚጸጸቱ ካሉ ለንስሐ አባት ተናግረው ይጀምሩ። ያለፉትን ዓመታት ሁሉ ቆጥሮ ውዝፍ ማድረግም አያስፈልግም። ከዚህ ወር ደመወዝ መጀመር ይበቃል።

አንድ ነገር ቀረ። መሬቱ የአባትዎ ነው ብለዋል። እህሉን «ለእናንተ ይሁን» ብለው ከሰጡ ቤታችሁ የገባው የእናንተ ፍሬ ነው፣ አሥራቱም የእናንተ። ከዚያው እህል ለዓመት ቀለባቸው የሚያስቀሩ ከሆነ ግን ያ የእርሳቸው ድርሻ ነው፤ እርሳቸው ሳይወስኑ ከእርሱ ላይ ቆንጥራችሁ እንዳትሰጡ። የቱ የማን እንደሆነ ዘንድሮ እህሉ ከአውድማ ሳይነሳ ከእርሳቸው ጋር ለዩት፤ 55 ኪሎውም ወደ የትኛው አጥቢያ ይሂድ ብላችሁ እርሳቸውን ጠይቁ።